የናዳና የጎርፍ መከላከያ ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ስለ ዕቅዱና ስለ በጀቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። የቅሬ (የዕድር) ዳኞች፣ የቀበሌ ሰዎችና ተዳፋት ላይ ቤት ያላቸው ነዋሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸውን መርጠን፣ መልሱን በተቻለ መጠን በሜትርና በወር ቆጥረን አስቀምጠናል።

ደሴን የሚያሰጋትና ኮምቦልቻን የሚያሰጋት አንድ ነው?

አይደለም። ደሴ በቶሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከሥር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከላዩ ግን በዘመናት ከተራራው ተንከባልሎ የተከመረ ልል አፈርና ኮረት፣ በየቦታውም ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ አፈር ተኝቶበታል። ቦርከናና ገባሮቹ ደግሞ የተዳፋቱን እግር ይቦረቡራሉ። ከላይ ውሃ የጠገበ አፈር፣ ከታች የተበላ እግር ሲገናኙ መሬቱ ይሄዳል። ስለዚህ የደሴ ቀዳሚ ስጋት ናዳና የመሬት መንሸራተት ነው። በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድም የዚሁ ችግር ተካፋይ ነው።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደን ማለት ነው። ከደጋው የሚወርደው ቦርከና፣ ከዙሪያው ኮረብታ የሚመጡት ለዮሌና ወርቃ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና የያዙትን ደለል ያራግፋሉ። ቱቦውና ድልድዩ የሚደፈነው ያን ጊዜ ነው። የኮምቦልቻ ችግር በዋናነት ጎርፍና ደለል ነው።

ሁለቱም ከተሞች የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሆኑ የመሬት መንቀጥቀጥም አይቀርላቸውም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያሉትን ካራ ቆሬንና ማጀቴን ክፉኛ የጎዳው መንቀጥቀጥ የዚሁ ጠርዝ ሥራ ነበር።

ኃላፊነቱ የማን ነው? ስንሄድ አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል።

መላላኩ የሚመጣው ሥራው በእርግጥም ለብዙ ቢሮ የተከፋፈለ ስለሆነ ነው። ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዋና ሥራው አደጋ ሲደርስ እህል ማድረስ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ግን አቅጣጫውን ቀይሮታል፤ ከአደጋ በፊት ስጋቱን መቀነስ የእያንዳንዱ ዘርፍ መሥሪያ ቤት ድርሻ ሆነ። ጎርፍ የውሃው፣ ድርቅ የግብርናው፣ ወረርሽኝ የጤናው ዘርፍ ነው። የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ያስተባብራል እንጂ ግንብ አይገነባም።

በተግባር እንዲህ ይለዩት። የሰፈር ውስጥ ቦይ፣ ደጋፊ ግንብና የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ማፋሰሻ የከተማ አስተዳደሩ የመሠረተ ልማት ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው ዋና መንገድና ከሥሩ የሚያልፉት ቱቦዎች የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ናቸው። ከከተማው ክልል ውጭ ያለው የላይ ተፋሰስ የወረዳው ግብርና ነው። ብዙ ማመልከቻ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የሚተኛው ቱቦው የፌዴራል መንገድ ሥር ሆኖ ጥያቄው ለቀበሌ ስለሚጻፍ ነው። መጀመሪያ «ይህ ቱቦ የማን ነው?» ብለው አጣርተው ይጻፉ፤ ግልባጩን ለከተማው ያድርጉ።

ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ከአንድ ቦታ አይመጣም። አንዱ የከተማው የራሱ ካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታ የሚይዘው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከተሞች በየዓመቱ ተመዝነው እንደ ውጤታቸው የሚያገኙት የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ገንዘብ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም በዚህ ዓይነት ፕሮግራም ውስጥ ከጅምሩ ነበሩ፤ ቦይና ደጋፊ ግንብም በዚህ ገንዘብ ሊሠሩ ከሚችሉት መካከል ናቸው። ለዚህ ግን ሥራው ከተማው በየዓመቱ በሚከልሰው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ ስሙ ተጽፎ መገኘት አለበት። እዚያ ያልተጻፈ ሥራ የቱንም ያህል አስቸኳይ ቢሆን አይከፈልበትም።

ሦስተኛው ለመንገድ ጥገና የሚመደበው ገንዘብ ነው፤ ቦይ መጥረግም ሆነ የተሰበረ ቱቦ መተካት የመንገድ ጥገና አካል ስለሆነ ከዚህ ሊሸፈን ይችላል። አራተኛው ጉልበት ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ተጠቃሚዎቹ በማኅበረሰብ ሥራ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ድንጋይ ይደረድራሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የተዘጋጀ የሥራ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝር ከሌለ ሰዉ መንገድ ሲጠርግ ይውላል።

የመጠባበቂያ በጀትስ?

እሱ በመሠረቱ ላልታሰበ ነገር ነው። በየክረምቱ የሚፈርስ ቦታ ላልታሰበ ነገር አይገባም። ለዚያ ቦታ መጠባበቂያ መጠየቅ ማለት ካፒታል በጀት ሳይጠየቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ጥያቄያችንን በየትኛው ወር ብናቀርብ ነው በጀት የሚያዝለት?

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይሄ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዝናቡም የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አዲሱ ገንዘብ ሲለቀቅ ቶሳ ላይ ውሃው እየወረደ ነው፤ በዚያ ጊዜ መሠረት መቆፈር አይቻልም፣ አይገባምም።

ስለዚህ ወራቱን እንዲህ ያስሉ። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። በጥር 2018 የገባ ጥያቄ ከተፈቀደ ገንዘቡ በሐምሌ 2018 ይለቀቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ንድፉና የጨረታ ሰነዱ ያልቃል፤ በመስከረም ውል ይፈረማል፤ ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ሥራው ይሄዳል። በመካከል የሚያልፈው አንድ ክረምት ነው። ያው ጥያቄ በሰኔ 2018፣ ማለትም መሬቱ መሰንጠቅ ሲጀምር ከቀረበ፣ የ2019 በጀት ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ወደ 2020 ይዞራል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ሁለት ክረምት ያለ ግንብ ያድራል።

ሌላው ብልሽት የሚመጣው ከተፈቀደ በኋላ ነው። በጀቱ ከሐምሌ ጀምሮ ተይዞ ጨረታው በጥር ሲወጣ፣ ተቋራጩ ቦታውን የሚረከበው በመጋቢት ይሆናል። ወሎ ደግሞ በልግ አለው፤ ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለው ዝናብ የተቆፈረውን መሠረት ይሞላዋል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን ሥራው ይጣደፋል፤ ከግንቡ ጀርባ ውሃ የሚያስወጣው ማጣሪያ ጠጠር ይዘለላል፣ ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ሳይጠቀጠቅ በገልባጭ ይደፋል። ግንቡ ሲመረቅ ያማረ ነው፤ ነሐሴ ላይ ያብጣል። ስለዚህ ነዋሪው በጥር ጠይቆ ዝም ማለት የለበትም። በነሐሴ መጨረሻ ሄዶ «የጨረታ ሰነዱ አለቀ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትልቁ ክትትል ነው።

ማመልከቻው ውስጥ ምን ይግባ?

«ሰፈራችን ስጋት ላይ ስለሆነ ይታይልን» የሚል ደብዳቤ መሐንዲሱ የሚይዝለት ነገር የለውም። የሚከተሉትን ያስገቡ።

- የቦታው ልክ መገኛ፦ በስልክ የሚነበበው ጂፒኤስ ቁጥርና የሰፈሩ የልማድ ስም።
- ልኬት፦ የተዳፋቱ ከፍታ በሜትር፣ የሚያሰጋው ርዝመት፣ ስንጥቁ ካለ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቤቶቹ ከጠርዙ ያላቸው ርቀት።
- ከበላዩና ከበታቹ ያለው፦ የቤተሰብ ብዛት፣ ትምህርት ቤት፣ የውሃ መስመር፣ የመብራት ምሰሶ፣ መንገድ።
- ውሃው ከየት እንደሚመጣ፦ የጣሪያ፣ የመንገድ፣ የፈሰሰ ቧንቧ ወይስ የምንጭ። ይህን ያልያዘ ማመልከቻ ግማሽ ነው።
- ታሪኩ፦ ቀድሞ የተናደበት ዓመት፣ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት።
- የነዋሪው ድርሻ፦ ድንጋይ ማቅረብ፣ ቁፋሮ፣ ገንዘብ። በቁጥር ይጻፍ።

ቀን ያለበት ፎቶ ያያይዙ፤ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ሜትር አጠገቡ ተዘርግቶ ከቅርብ። ቅሬው ይፈርምበት። መዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥሩን በቅጂው ላይ ያስጽፉ። በቀጣዩ ዓመት «አልደረሰንም» ቢባል መልስ የሚሆነው ያ ቁጥር ነው።

ባለፈው የተሠራው ግንብ ለምን ፈረሰ?

አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ውሃ ስለታሰረ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጀርባው እስከ አናቱ በውሃ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ 4.5 ቶን ገደማ ይገፋል። የአፈሩ ግፊት ሌላ ነው። ግንበኛው ሲሚንቶ ቢጨምር ይህን አይችለውም፤ ውሃውን ማስወጣት ግን ቀላል ነው። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሞላል፤ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፒቪሲ ቱቦ በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ፣ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይገባል፤ የታችኛው ረድፍ ከመሬቱ ብዙም ከፍ አይልም።

ቆመው ማየት ይችላሉ። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ወደ ግንቡ ይሂዱና ቱቦዎቹን ይመልከቱ። የሚያንጠባጥቡ ከሆነ እየሠሩ ነው። ተዳፋቱ ረጥቦ ቱቦዎቹ ደረቅ ከሆኑ፣ ወይም ከቱቦው ይልቅ በድንጋዩ መጋጠሚያ ላብ የሚመስል ውሃ የሚወጣ ከሆነ፣ ከጀርባው ጠጠር የለም፤ ቱቦው ባዶ ጌጥ ነው። ጭቃ የሚተፋ ቱቦም ደህና አይደለም፤ ማጣሪያው አፈር እያሳለፈ ከጀርባው ጉድጓድ ይፈጥራል። ሥራው ሳይረከብ ይህን ያየ ነዋሪ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ከርክክብ በኋላ ጀርባውን ከፍቶ የሚያይ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት አቆፋፈር ነው። 40 ሜትር ርዝመት ያለውን የተዳፋት እግር በአንድ ቀን በኤክስካቫተር ቆርጦ መክፈት ተዳፋቱን መጋበዝ ነው። ከ3 እስከ 5 ሜትር እየከፈቱ፣ ያንን ገንብተው፣ አንዱን እየዘለሉ ነው የሚሄደው። ይዘገያል፤ ግን በሥራው ላይ ያለውም ሰው በሕይወት ይወጣል።

ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን) ይሻላል ወይስ የድንጋይ ግንብ?

መሬቱ ገና ትንሽ ትንሽ በሚንቀሳቀስበትና ውሃ በሚበዛበት ቦታ ጋቢዮን ይሻላል፤ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ውሃም በራሱ ያሳልፋል። ቦታው ጠባብ ከሆነና መሠረቱ አለት ካገኘ ግንቡ ያዋጣል።

የተለመደው የጋቢዮን ሳጥን 2 ሜትር በ1 በ1 ነው፤ ዓይኑ 8 በ10 ሳንቲሜትር፣ ሽቦው 2.7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዚንክ የተቀባ። ለ10 ሜትር ርዝመትና ለ3 ሜትር ከፍታ፣ ታችኛው ረድፍ 2 ሜትር፣ መካከለኛው 1.5፣ ላይኛው 1 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ 45 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈልጋል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 3 ምልልስ ነው፤ ተመርጦ የሚጣለውን ካሰቡ 4 ይያዙ። ድንጋዩ ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር የሆነ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይሁን፤ በጣት የሚፈረፈረው ቀይ ድንጋይ በሁለት ክረምት ይሟሽሽና ሳጥኑ ይጎድላል። በእጅ ይደረደራል እንጂ በአካፋ አይሞላም። በየ33 ሳንቲሜትር ከፍታው የፊትና የኋላው ሽቦ በማሰሪያ ይያያዛል፤ ይህ ከተዘለለ ሆዱ ይወጣል። ከጀርባው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ጨርቅ ካልተነጠፈ አፈሩ በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ያልቃል። ወንዝ ዳር ከሆነ የታችኛው ረድፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ይቀበር፤ ጎርፉ የሚበላው ከሥሩ ነውና።

ቶሳ ላይ እርከንና ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ መቆፈር ናዳን አይከላከልም?

ለድርቅና ለአፈር መሸርሸር ይጠቅማል። ለናዳ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የተፋሰስ ሥራ ሲታቀድ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጉድጓዱ ውሃውን ወደ መሬት ያሰርጋል፤ ከታቹ ልል አፈርና ሰፈር ካለ ያሰረግነው ውሃ ናዳውን ይመግበዋል። የተሰነጠቀ ወይም ቀድሞ የተናደ ተዳፋት በላይ ማቆሪያ አይቆፈርም። እዚያ የሚሠራው የተለሰነ መቀልበሻ ቦይ ነው፤ ውሃውን ሰብስቦ በድንጋይ ወደ ተነጠፈ መውረጃ ያደርሳል። ያልተለሰነ ቦይ እዚህ ቦታ ላይ ከጉድጓድ አይሻልም።

ባሕር ዛፍ መቁረጥም እንዲሁ ነው። ጉቶው ከቀረ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩም አፈሩን ይዞ ይቆያል። ጉቶው ከተነቀለ ሥሩ በጥቂት ዓመታት ይበሰብስና ተዳፋቱ ይላላል።

ቤት ውስጥ ያለውንም አይርሱት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ጓሮው ላይ ያፈሰዋል፤ ከበታች ላለው ጎረቤት ደግሞ ያ ጓሮ የናዳ አናት ነው። አሸንዳ አስገብቶ ውሃውን እስከ ቦዩ ማድረስ ምንም የመንግሥት በጀት አይጠብቅም። የሚያፈስ ቧንቧና ተዳፋት ጠርዝ ላይ የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድም ያው ናቸው።

ኮምቦልቻ ላይ ቦይ ተሠርቶልን ውሃው ለምን ቤት ይገባል?

ቦዩ ደለል ስለጠጣ ነው። 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ቦይ ግማሹ በደለል ከተሞላ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ ግማሽ አይሆንም፤ ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በሌላ በኩል በሰዓት 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ጣሪያና ንጣፍ ከበዛበት አንድ ሄክታር ሰፈር በሰከንድ ከ65 ሊትር በላይ ይመጣል። ሜዳ ላይ ቁልቁለቱ ትንሽ ስለሆነ ደለሉ ራሱን አይጠርግም።

ክዳኑም ነገር አለው። 1 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 12 የሆነ የኮንክሪት ክዳን 230 ኪሎ ይመዝናል፤ ማንም አያነሳውም፣ ስለዚህ አይጠረግም። 60 በ50፣ ውፍረቱ 8 የሆነው 58 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ንድፉ ለውይይት ሲቀርብ ይህን ይጠይቁ። ጠረጋው እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ፤ የወጣው ደለል በዚያው ቀን ይጫን። ቦዩ ዳር ተከምሮ የሚያድር ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

የአየር ትንበያውን እንዴት እንጠቀምበት?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምሥራቅ አማራ ማዕከል ኮምቦልቻ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወቅቱ ትንበያ ይወጣል። «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ግምት ሲጎላ ቀበሌው የጠረጋውን ቀን ያቅርብ፣ የመጠለያ ቦታ (አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት) ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ይወቅ። ትንበያው የትኛው ተዳፋት እንደሚሄድ አይነግርም፤ ያንን የሚነግረው ስንጥቁን የሚለካ ሰው ነው።

ስንጥቅ አይተናል። ምን እናድርግ?

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ካስማ ይትከሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየሳምንቱ፣ ዝናብ ሲበዛ በየቀኑ ለክተው ከነቀኑ ይጻፉ። ስንጥቁን በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው ይድፈኑት፤ ውሃ እንዳይገባበት ነው። ርቀቱ በአንድ ሌሊት በሳንቲሜትር የሚቆጠር ከጨመረ፣ በር መዝጋት እምቢ ካለ፣ ምሰሶ ካዘነበለ፣ ጥርት ያለ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ከቤት ይውጡ። ማታ ከሆነም ማታውኑ።

አንድ ነገር እንዲያዝልን እንለምናለን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ አገኛቸው። ለነፍስ መሮጥ የወገን ግዴታ ነው፤ ግን ከመቆፈር በፊት አንድ ሰው ከጎን፣ ደህና ቦታ ላይ ቆሞ አናቱን ብቻ ይጠብቅ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ወይም አዲስ ስንጥቅ ሲያይ ይጩህ። ቆፋሪው ጥቂት ይሁን፤ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መውረጃ መስመር ይውጣ።

ከቦታው ተነሡ ብንባል ካሳ አለ?

ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ምትክ ቦታና የንብረት ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይገዛል። መብቱ የሚመነጨው ከሕጋዊ ይዞታ ነው፤ ስለዚህ የይዞታ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የግንባታ ፈቃድ ቅጂያቸውን ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ። ምትክ ቦታ ሲሰጥ ከውሃና ከመንገድ ያለውን ርቀት በጽሑፍ ይጠይቁ። ከስጋት ቀጠና ተነሥተው ወደ ቀድሞው ቤታቸው የሚመለሱት በአብዛኛው አዲሱ ቦታ ውሃ ስለሌለው ነው። የተለቀቀው መሬትም ወዲያው ታጥሮ ችግኝ ካልተተከለበት ሌላ ሰው በሁለት ወር ቤት ይሠራበታል፤ ዕቅዱ ለአጥሩም ብር ይያዝ።

ለመሬት መንቀጥቀጥ የተለየ በጀት አለ?

እዚህ ዋናው ሥራ ቁጥጥር ነው። ፎቅ የሚሠራ ሰው ንድፉ ለአካባቢው የመንቀጥቀጥ ቀጠና መሰላቱን ፈቃድ ሰጪው ክፍል ያረጋግጥ። ሳይቱ ላይ ደግሞ ስታፋው (ዋና ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በኮለኑ (በቋሚው ምሰሶ) ታችና ላይ፣ ቢሙ (አግዳሚው) ከኮለኑ በሚገናኝበት ቦታ ጠበቅ ጠበቅ ብሎ መታሰሩን፣ ጫፉም በ90 ዲግሪ ሳይሆን በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፉን ይመልከቱ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ፎቶ ያንሱት።